ከእበት እስከ ሊትር፦ የጉራጌ ላምና የወተት ልማት ታሪክ

(በሕዝባዊ ንግግር መድረክ የቀረበ)



ዛሬ የምናገረው ስለ ላም ነው። ርእሱ ከታሪክ ትምህርት ይልቅ ለእንስሳት ሳይንስ ትምህርት ክፍል የሚስማማ የሚመስለው አድማጭ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ በተጻፈበት ሀገር፣ ሕዝቡ ለዘመናት ጎን ለጎን አብሯት ስላደረችው ላም የተጻፈው ታሪክ እጅግ ጥቂት ነው። «አብሯት አደረች» ስል ቃሉን በቀጥታ ፍቺው መውሰድ ይቻላል፤ በጉራጌ ባህላዊ ቤት ውስጥ ከብቱ የራሱ ወገን አለው፤ ሰውና ከብት የሚያድሩት በአንድ ጣራ ሥር ነው።

ንግግሬ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ የወተት ልማት ከ70 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በዚህ ሁሉ ዘመን የጉራጌ ላም በየትኛው መለኪያ ተለካች? መለኪያው ከባለቤቶቿ መለኪያ ጋር ይገጥም ነበርን? ጥያቄው የትናንት ብቻ አይደለም። ዛሬ በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች የወተት ላም እርባታ እየተስፋፋ ነው፤ ከእናንተ መካከልም ነገ የእርባታ ባለሙያ፣ የእንስሳት ሐኪም ወይም የግብርና ኃላፊ ሆኖ ስለ ዝርያ የሚወስን ብዙ ሰው አለ። የሚወስነውም ከኋላው ያለውን ታሪክ ዐውቆ እንዲሆን እመኛለሁ።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ማሳሰቢያ ላክል። ብዙዎቹ ሰነዶች የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሆነ፣ «ዓ.ም.» ብዬ ካልጠቀስሁ በቀር የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላምና እንሰት

የጉራጌ ደጋ ኑሮ የቆመው በእንሰት ላይ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አልነበረም። እንሰት ግን ብቻውን አይቆምም። በአንድ ጓሮ ላይ ከዓመት ዓመት፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የሚተከል ተክል በመሆኑ አፈሩ በየጊዜው ካልታደሰ ይደክማል። አፈሩን የሚያድሰው የከብት እበት ነው። ሌሊት በቤት ውስጥ የተጠራቀመው እበት ጠዋት ተዝቆ ወደ ጓሮ ይሄዳል። እንሰቱም በተራው ብድሩን ይመልሳል፤ በበጋ ሣር ሲጠፋ ቅጠሉና ሌላውም አካሉ ለከብቱ መኖ ይሆናል።

ስለዚህ በጉራጌ ቤት የላም የመጀመሪያው «ምርት» ወተት ነው ብሎ መነሣት ስሕተት ላይ ይጥላል። በየቀኑ ያለ ማቋረጥ የሚገኘው፣ ላሟ ብትነጥፍም የማይቀረው ምርት እበት ነው። ላሟ ወተት ስትሰጥ ደግሞ ወተቱ በአብዛኛው የሚፈለገው ለቅቤ ነው። ቅቤው ለክትፎ፣ ለጎመን፣ ለአራስ ጥሪት፣ ለጠጕር ቅባት፣ ለገበያም ይውላል። ቅቤው ከወጣለት አሬራ አይብ ይሠራል፤ የተረፈው አጓት ለሰውም ለጥጃም ይሆናል። ጥሬ ወተት በብርጭቆ መጠጣት የልጆች፣ የአራሶችና የሕሙማን ድርሻ ነበር ማለት ይቻላል።

ከብቱ የሚሰማራበትም ስፍራ የራሱ ታሪክ አለው። ጀፎር የሚባለው፣ በመንደሩ መካከል የተዘረጋው ሰፊና ለምለም ጎዳና፣ የጉራጌ ሰፈር አሠፋፈር ዋና መለያ ነው። ጀፎር መንገድ ነው፤ የለቅሶና የሠርግ አደባባይ ነው፤ የልጆች መጫወቻ ነው፤ የጋራ ግጦሽም ነው። ወሰኑን ማንም ገፍቶ እንዳያርሰው የጠበቀው የሀገር ሽማግሌ ዳኝነትና ባህላዊው ሕግ ነበር። አንድ ሕዝብ ከመንደሩ ውስጥ ምርጡን ሜዳ ሳያርስ ለትውልድ ሲያቆይ፣ ለከብቱ የሰጠውን ስፍራ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ውጆ፦ የትንሽ ወተት ትልቅ ብልሃት

የሀበሻ ላም የምንላት ሻኛ ያላት ሀገር በቀል ላም በቀን የምትሰጠው ወተት በሀገር አቀፍ አማካይ ሲታይ ከ1 ሊትር ተኩል ገደማ አይበልጥም። ጥጃዋ ቀድሞ ካልጠባ ወተቷን በቀላሉ አታወርድም፤ የመታለቢያ ጊዜዋም አጭር ነው። እነዚህን ጠባዮች የእንስሳት ሳይንስ መጻሕፍት በጉድለት ይመዘግቡባታል። በሌላ በኩል ወተቷ ቅባት የበዛበት ነው፤ 5 በመቶና ከዚያ በላይ ቅባት መገኘቱ የተለመደ ነው። በፍሪዝያን ላም ወተት ውስጥ ግን ቅባቱ ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ነው።

እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ከቅቤ ክብደት 80 በመቶ ያህሉ ቅባት ነው ብንል፣ 5 በመቶ ቅባት ካለው ወተት 1 ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ቢያንስ 16 ሊትር ያስፈልጋል። በቀን 1 ሊትር ተኩል የሚታለብባት እናት፣ ከቤተ ሰቡ አንድም ሰው ወተት ሳይቀምስ፣ ከ10 ቀን በላይ ማጠራቀም ይኖርባታል ማለት ነው። ልጆች ካሉ ጊዜው በእጥፍ ይረዝማል። ያ ሁሉ ጊዜ የቆየ ወተት ደግሞ ይበላሻል፤ ትንሽ በትንሹ መግፋትም ድካሙ ከትርፉ ይበልጣል።

የጉራጌና የአካባቢው ሴቶች ለዚህ ችግር ያበጁት መፍትሔ ውጆ ይባላል። ጥቂት ጎረቤታሞች ይሰባሰባሉ፤ እያንዳንዷ በልክ የምታዋጣው ወተት ወይም ቅቤ በተራ ለአንዷ ይሰጣል፤ ተራው የደረሳት ሴት በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ቅቤ ታገኛለች። ከዚህ ቅቤ ከፊሉ በኮባ ተጠቅልሎ ገበያ ይወጣል፤ ከፊሉ ለመስቀል ይቀመጣል። የመስቀል በዓል በጉራጌ ምን ያህል ቅቤ እንደሚጠይቅ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሥጋው የአባወራው ግዴታ ሲሆን፣ ቅቤው ግን ወራት የፈጀ የእናት ቁጠባ ነው።

የልማት ታሪካችንን የሚጽፉ ሰዎች የወተት ኅብረት ሥራን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከመንግሥት ፕሮጀክቶች ነው። እኔ ግን ውጆን ከዚያ የታሪክ መጀመሪያ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አባላት አሉት፤ መለኪያ አለው፤ ተራ አለው፤ ያጎደለች የምትጠየቅበት ሥርዓት አለው። ከሁሉ በላይ ሥልጣኑ በሴቶች እጅ ነው። የላሟ ባለቤት ባልየው ተብሎ ቢቈጠርም፣ ወተቱ ከጡቷ ከወረደ በኋላ አዛዧ ሴትዮዋ ናት። ይህን ነጥብ ወደ በኋላ ስለምመለስበት በልባችሁ ያዙልኝ።

ከባሕር ማዶ የመጣ ከብት

ከውጭ የገባ ከብት በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ የሚነሣው በበጎ አይደለም። በ1887 ገደማ ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ ገባ። በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሀገሪቱን ከብት አብዛኛውን ጨረሰ፤ እስከ 1892 የዘለቀውና በታሪካችን «ክፉ ቀን» የምንለው ረሀብም ተከተለ። ጉራጌም በዚያው ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ሐሰን እንጃሞ የመሩት ረጅም ተቃውሞ ተሸንፎ በምኒልክ አስተዳደር ሥር የወደቀበትን ጊዜ እያሳለፈ ነበር።

በሬ ያለቀበት የእህል ገበሬ በዚያው ዓመት ማረስ ያቅተዋል። የእንሰት ገበሬ ማሳውን የሚያለማው በዋነኛነት በእጁ ቆፍሮ ስለ ሆነ፣ የከብት እልቂት የሚጎዳው በሌላ መንገድና በሌላ ጊዜ ነው። የተተከለው እንሰት ለጥቂት ዓመታት ያቆየዋል፤ ነገር ግን እበት ያጣ ጓሮ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ይሄዳል። ጉዳቱ ዘግይቶ የሚመጣ በመሆኑ ለጸሐፊም አይታይም። ታሪክ ተማሪዎች ስለ ክፉ ቀን ስታጠኑ ይህን የጊዜ ልዩነት ብትመረምሩት አዲስ ነገር ታገኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ለወተት ተብሎ የገባው የውጭ ከብት ከዚህ 60 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው የመጣው። ከጣልያን ወረራና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947፣ የተባበሩት መንግሥታት የርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 የፍሪዝያንና የብራውን ስዊስ ከብቶችን ለኢትዮጵያ ሰጠ። ፍሪዝያን ከሰሜን አውሮፓ፣ በተለይ ከኔዘርላንድስና ከሰሜን ጀርመን የተገኘ ዝርያ ነው፤ ብራውን ስዊስም ስሙ እንደሚናገረው ከስዊዘርላንድ ተራሮች ነው። ከብቶቹ በአዲስ አበባ ዳር የመንግሥት እርባታ መነሻ ሆኑ። የዋና ከተማዋ ነዋሪ ወተት ፈላጊ እየሆነ በመምጣቱም በ1960 ገደማ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ርዳታ የሾላ ወተት ማቀነባበሪያ ሥራ ጀመረ። «ሾላ» የሚለው ስም ዛሬም ድረስ በወተት ከረጢት ላይ የሚነበበው ከዚያ ዘመን ወርሶ ነው።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ የመሥሪያ ቤቶች ታሪክ ይሆናል። በ1967 በስዊድን ርዳታ በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ የአካባቢውን ላም ከፍሪዝያን ጋር እያዳቀለ ያረገዙ ጊደሮችን ለገበሬዎች አከፋፈለ። በ1971 የወተት ልማት ኤጀንሲ ተመሠረተ። ከአብዮቱ በኋላ የግል እርባታዎች ተወረሱ፤ በ1979 የወተት ልማት ድርጅት ተቋቋመ። በ1981 በቃሊቲ ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማእከል ሥራ ጀመረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በፊንላንድ ርዳታ የሰላሌ ገበሬዎች የወተት ፕሮጀክት ተከናወነ።

እነዚህን ስፍራዎች በካርታ ላይ ብናስቀምጣቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ሾላ፣ ቃሊቲ፣ አሰላ፣ ሰላሌ፣ ሆለታ፣ ደብረ ዘይት፦ ሁሉም የአዲስ አበባን የወተት ፍላጎት የሚመግቡ ወይም ለጥናት የተመረጡ ስፍራዎች ናቸው። ጉራጌ በዚህ ካርታ ላይ የለም። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቁም፣ ከመንደሩ እስከ ዋናው ጎዳና የሚያደርስ መንገድ ግን ለረጅም ዘመን አልነበረም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን የመሠረቱት ይህን ችግር በራሳቸው አቅም ለመፍታት ነበር።

ወተት መንገድ ይፈልጋል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልደረሰ ይበላሻል። ቅቤ ግን በኮባ ተጠቅልሎ ሁለትና ሦስት ቀን በእግር ይጓዛል። የጉራጌ እናቶች ቅቤን የመረጡት ባህል ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። መንገድ በሌለበት፣ ማቀዝቀዣ በማይታሰብበት፣ በቀን 1 ሊትር ተኩል በሚታለብበት ሀገር ወተትን ወደ ገበያ ለማድረስ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልነበረም። የመንግሥት የወተት ልማት ግን የሚቈጥረው ሊትር ነበር። በሊትር የሚቈጥር መሥሪያ ቤት ቅቤ የሚያመርተውን ሀገር እንደ ወተት ሀገር ሊያየው አልቻለም።

የጉራጌ ላም ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባችበት በር

ከዝርያ ምርምሩም ታሪክ ተመሳሳይ ነገር እናነባለን። የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በ1970ዎቹ በሆለታ፣ በባኮ፣ በአዳሚ ቱሉና በመልካ ወረር ጣቢያዎች ሰፊ የማዳቀል ሙከራ አካሄደ። ከውጭ የመጡት ኮርማዎች ፍሪዝያን፣ ጀርሲና ሲመንታል ነበሩ፤ እናት ላሞቹም ቦረና፣ ሆሮና ባርካ። የጉራጌ ደጋ ላም ከእናቶቹ አንዷ አልነበረችም። አርሲ በጭላሎ፣ ፎገራ ደግሞ በጣና ዙሪያ የየራሳቸውን ጣቢያ ሲያገኙ፣ እርሷ በስም የሚጠራት ጣቢያ አላገኘችም።

ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባችው በሌላ በር፣ በበሽታ በኩል ነው። ከወልቂጤ ወደ ጅማ ስንወርድ የጊቤ ሸለቆ አለ። ሸለቆው ለም ነው፤ ውሃም ሣርም አለው፤ ነገር ግን የቆላ ዝንብ፣ ማለትም የፀፀ ዝንብ፣ ገንዲን ስለሚያስተላልፍበት ከብት በሰላም አይረባበትም ነበር። መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት እርባታ ማእከል ለአፍሪካ ከ1986 ጀምሮ በዚህ ሸለቆ የመንደር ከብቶችን በየወሩ እየመረመረ መዘገበ። መድኃኒት የተላመደ የገንዲ ጀርም መኖሩ ታወቀ። ከ1990 ጀምሮ በመድኃኒት የተነከረ ጨርቅ በመትከል፣ ከ1991 ጀምሮ ደግሞ በከብቱ ጀርባ ላይ የሚፈስ ፀረ ዝንብ መድኃኒት በመጠቀም የዝንቡ ብዛት በእጅጉ ቀነሰ። መድኃኒቱ በሂደት በክፍያ ሲሰጥም ገበሬዎች ከኪሳቸው እየከፈሉ ከብታቸውን ያስቀቡ ነበር። ገንዘብ የሌለው ገበሬ ይህን ማድረጉ ከብቱ ምን ያህል እንደሚከብርበት ያመለክታል።

በዚሁ ሸለቆ በኋላ አንድ የማወዳደሪያ ጥናት ተካሄደ። አራት ሀገር በቀል ዝርያዎች፣ አቢጋር፣ ሆሮ፣ ሸኮና ጉራጌ፣ በአንድ ስፍራ ለተፈጥሯዊው የገንዲ አደጋ ተጋልጠው ታዩ። በ2006 የታተመው ውጤት እንዳሳየው በሽታውን ከሁሉ ይበልጥ የተቋቋመችው ከደቡብ ምዕራብ ጫካ የመጣችው ሸኮ ነበረች፤ የጉራጌዋ ላም እንደ እርሷ አልቻለችም። ይህ አያስደንቅም። የጉራጌ ላም የደጋ ልጅ ናት፤ ሀገሯ የቆላ ዝንብ የማይደርስበት፣ ጫፉ ከ3,600 ሜትር የሚያልፈው የጉራጌ ተራራ ሰንሰለት ሥር ያለ እንሰት ለበስ ደጋ ነው። ልብ ልትሉልኝ የምሻው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህች ላም በደንብ የተመዘነችው በማትኖርበት ቆላ፣ ባልለመደችው በሽታ ነው። በሀገሯ፣ በእንሰት መኖ፣ በእበትና በቅቤ መለኪያ ስትመዘን ምን ያህል ናት የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ተመራማሪ ይጠብቃል።

ወልቂጤና ቡታጅራ ዛሬ

ወደ ዘመናችን እንምጣ። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ፣ የዩኒቨርሲቲም ከተማ ናት። ቡታጅራ ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መመሥረት ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ሁለቱም በወይና ደጋ ከፍታ ላይ የተቀመጡ፣ በዋና መንገድ ላይ ያሉ የንግድ ከተሞች ናቸው። ካፌና ምግብ ቤት፣ ተማሪና መንግሥት ሠራተኛ በበዛበት ከተማ ጥሬ ወተት ገዢ ያገኛል። በተለይ በቡታጅራና በዙሪያዋ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ ስለሚኖር፣ በዐቢይ ጾም ወቅት ሌላው የሀገሪቱ ወተት አምራች ገዢ ሲያጣ እዚህ ገበያው ፈጽሞ አይቀዘቅዝም።

ሕዝቡ «የፈረንጅ ላም» የሚላት ዲቃላዋ ላም በእነዚህ ከተሞች ግቢዎች ውስጥ ገብታለች። በጥሩ አያያዝ የምትሰጠው ወተት ከሀበሻዋ ላም ብዙ እጥፍ ነው። ይህን መካድ ታሪክን መካድ ነው። ወተቷ ቅባቱ ቢያንስም ብዛቱ ስለሚበልጥ በጠቅላላው የምታስገኘው ቅቤም ይበልጣል። በመኖሪያ ግቢ ጥግ ባለች አንዲት በረት ልጆቿን አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች እናት በሁለቱም ከተሞች ማግኘት አያስቸግርም። ስለዚህ ሐሳቤ «ወደ ቀድሞዋ ላም እንመለስ» የሚል አይደለም።

ሆኖም ዲቃላዋ ላም ከሀበሻዋ ጋር የኖሩትን ሦስት ትስስሮች አላልታለች። ታሪክ ተመራማሪ እነዚህን የመመዝገብ ግዴታ አለበት።

የመጀመሪያው ከእንሰት ጋር ያለው ትስስር ነው። የከተማዋ ላም ታስራ የምትቀለበው በፉርሽካ፣ በኑግ ፋጉሎ፣ በድርቆሽና በአተላ ነው። መኖዋ ከሩቅ በመኪና ይመጣል፤ ዋጋው በተናረ ቁጥር አርቢው ይጨነቃል። እበቷ ግን የሚሄድበት ጓሮ የለውም። በመንደር ሀብት የነበረው ነገር በከተማ የጎረቤት ክርክርና የጽዳት ጥያቄ ሆኗል። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ደግሞ ከብቱ የተመናመነበት ገበሬ የእንሰቱ አፈር ሲሳሳ ያያል። አንዱ ዘንድ የተረፈው ለሌላው የጎደለው ነው፤ የሚያገናኛቸው ግን አልተገኘም።

ሁለተኛው ከሴቶች ሥልጣን ጋር ያለው ትስስር ነው። ቅቤ የእናት ነበር። ወተት በየቀኑ በሊትር ተለክቶ፣ ለካፌ በውል ተሰጥቶ፣ በወሩ መጨረሻ ጥሬ ገንዘብ ሲመጣ፣ ገንዘቡ ወደ ማን እጅ ይገባል? በብዙ የአፍሪካ ሀገሮች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ወተት የገበያ ሸቀጥ እየሆነ በሄደ ቁጥር አዛዥነቱ ከሴቷ ወደ ወንዱ የመሸጋገር ዝንባሌ አለው። ማለቡ፣ በረት መጥረጉ፣ መኖ ማቅረቡ ግን ከእርሷ ላይ አይነሣም። የውጆ ሥርዓት ይህን ይጠብቅ ነበር። ዛሬ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ስናቋቁም በአባልነት መዝገቡ ላይ የማን ስም እንደሚጻፍ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ከዝርያዋ ጋር ያለው ትስስር ነው። የጉራጌ ደጋ ከብት በኢትዮጵያ ሀገር በቀል የከብት ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ በራሱ ስም ተመዝግቦ ይገኛል። በሀገሪቱ ካሉት ከ100 ከብቶች ከ95 በላይ የሚሆኑት ዛሬም ሀገር በቀል ስለ ሆኑ አደጋው ለብዙዎች አይታያቸውም። ሆኖም «ሀገር በቀል» የሚለው ቃል ብዙ ዝርያዎችን የሚሸፍን የጋራ ስም ነው፤ ብዛቱ የአንዷን ዝርያ መጥፋት ሊሰውር ይችላል። ከ2011 ጀምሮ በአንዳንድ አካባቢዎች ተሞክሮ በኋላ በሀገሪቱ የተስፋፋው፣ በሆርሞን ብዙ ላሞችን በአንድ ጊዜ አስፈልጎ የማዳቀል ዘመቻ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም የማዳቀሉን ሥራ አፋጥነዋል። ዓላማቸው መልካም ነው፤ ሕፃናት ወተት ይሻሉ። ነገር ግን የትኛዋ ላም ትዳቀል፣ የደም መጠኑ እስከ ስንት ይድረስ፣ ንጹሕ የደጋ ላም መንጋ የት ተጠብቆ ይቈይ የሚሉት ጥያቄዎች ከዘመቻው ቀድመው መመለስ ነበረባቸው። የመጀመሪያው ትውልድ ዲቃላ ጥሩ የምትሆነው ከሁለቱም ወላጆቿ ስለምትወርስ ነው፤ ከአባቷ ወተት፣ ከእናቷ ደግሞ ጽናት። እናቲቱ ከጠፋች በኋላ ግን ያንን ጽናት ከየት እናመጣለን?

ለተመራማሪው የሚቀረው ሥራ

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለተማርነው ሦስት ሥራዎች ይወጣሉ ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ መለኪያችንን እናስፋ። ላም በሊትር ብቻ ስትለካ የሀበሻዋ ላም ሁልጊዜ ተሸናፊ ናት። በበላችው መኖ፣ በሰጠችው እበት፣ በቅቤዋ፣ በወለደቻቸው ጥጆች፣ በኖረችበት ዕድሜና ለመድኃኒት ባስወጣችው ገንዘብ ብትለካ ግን ውጤቱ ምናልባት ሌላ ይሆናል። «ምናልባት» ማለቴ ሆን ብዬ ነው። ላሟን ለማወደስ አልመጣሁም፤ በትክክል እንድትመዘን ለመጠየቅ ነው። ተመዝና ብትሸነፍ እንኳ ሽንፈቱ ፍትሐዊ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የእናቶችን ዕውቀት እንመዝግብ። ላም ስትገዛ ምን እንደምታይ፣ ዕቃ በምን እንጨት እንደምታጥን፣ ቅቤ ሲበላሽ በምን እንደምታውቅ፣ ውጆ ሲፈርስ እንዴት እንደምታስታርቅ የሚያውቁ አረጋውያን እናቶች በየመንደሩ አሉ። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልሰፈረም። እያንዳንዱ ተማሪ ክረምት ወደ ቤተ ሰቡ ሲሄድ የአያቱን ቃል ቢቀዳ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የትኛውም ፕሮጀክት ሊገዛው የማይችል መዝገብ ይኖረናል።

ሦስተኛ፣ ከተማንና ገጠርን የሚያገናኝ ሥራ እንፍጠር። የቡታጅራና የወልቂጤ በረቶች እበት ተብላልቶ ወደ እንሰት ጓሮ የሚመለስበት፣ የእንሰት ተረፈ ምርት ደግሞ ወደ በረቱ የሚመጣበት መንገድ ቢበጅ፣ አባቶቻችን በአንድ ጣራ ሥር ያዋሀዱትን ነገር እኛ በአንድ ወረዳ ውስጥ እናዋሕደዋለን። ይህ የእንስሳት ሳይንስ፣ የአፈር ሳይንስ፣ የኢኮኖሚክስና የታሪክ ትምህርት ክፍሎች አብረው ሊሠሩት የሚገባ ጥናት ነው። ጀፎሮቻችን እየተሸራረፉ ባሉበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ጥናቱ ብዙ መዘግየት የለበትም።

ክቡራትና ክቡራን፤ የደስታ በሽታ በ2011 ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታውጇል። ሀገራችንን በክፉ ቀን ያስለቀሰው በሽታ ዛሬ የታሪክ ርእስ ብቻ ሆኗል። የሰው ልጅ አንድን በሽታ ከምድር ገጽ ማጥፋት እንደሚችል አየን። አንዲትን ዝርያም ሳያስበው፣ ያለ ዐዋጅና ያለ ምዝገባ፣ እንዲሁ ሊያጠፋ ይችላል። የጉራጌ ደጋ ላም እንዲህ ያለ ዕጣ እንዳይገጥማት ማድረግ ገና በእጃችን ነው፤ ወሳኞቹም ከሩቅ የሚመጡ ሳይሆኑ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጡት ናቸው።

ኬር ይሁን።